የየት ሰፈር ሰው ልበል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፤ ከገላን ጉራ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶና ከቦሌ አራብሳ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ ጥያቄያቸው ግን ይገጣጠማል። ቤት ሲቀየር ወይም ስልክ እጅ ሲገባ ሰው ራሱን የሚያይበት ዓይን ለምን ይለወጣል? መልሱን ያዘጋጁት በሥነ ልቦና፣ በቤት ውስጥ አሠራርና በዲጂታል ደኅንነት ላይ የሚሠሩ የአምዱ ተባባሪዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ጠያቂውን የሚያሳውቅ ዝርዝርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ተወልጄ፣ ፒያሳ ወልጄ፣ በኮሪደር ልማቱ ወደዚህ መጣሁ። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ ውኃውም መጸዳጃውም እቤት ውስጥ ነው። ግን እዚያ ከደጄ ስወጣ ሰላም የማይለኝ አልነበረም። እዚህ ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች «ስንተኛ ፎቅ ነዎት?» ነው የሚሉኝ። የዕድሬ ሰዎች ተበትነዋል። ልጆቼ «ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ማን እንደሆንኩ ጠፍቶኛል። አረጀሁ ይሆን?
(የ61 ዓመት እናት፣ ገላን ጉራ)

መልስ፦ እናታችን፣ እርጅና አይደለም፤ ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በቦስተን ከተማ ዌስት ኤንድ የተባለ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን፣ ማርክ ፍሪድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎቹን አነጋግሮ ነበር። በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ብዙዎቹ ዘመድ እንደሞተበት ሰው እያዘኑ እንደነበር ገልጿል። ይበልጥ ያዘኑት ደግሞ ከሰፈሩ ጋር የጠበቀ ትስስር የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ «ትለምጂዋለሽ» ለሚሉት ልጆችዎ ይህን ያንብቡላቸው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ይለመዳል» የሚል ሰው የለም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ፒያሳ ሳሉ ማንነትዎን የያዙት እርስዎ ብቻ አልነበሩም። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩ ላይ «ወር ሳይሞላ ትከፍላለች» የሚለውን ያውቃል። ዕድርተኛው ወጥ ሲሠራ ማን ድስት ላይ እንደሚቆም ያውቃል። የሰፈሩ ልጅ ሲጋራ ይዞ እርስዎን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። እያንዳንዱ ሰው ስለ እርስዎ የሚያውቃት ትንሽ ነገር ነበረችው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ «እኔ» የሚሉት ሰው ይወጣል። ገላን ጉራ ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው ገና የለም። እንዲህ ያለ መታወቅ የሚሠራውም በአንድ ትልቅ ትውውቅ ሳይሆን፣ ያው ሰው ያንኑ ፊት በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ደጋግሞ ሲያይ ነው።

በሱቅ ይጀምሩ። ጉሊትም ሱቅም እየቀያየሩ አይግዙ፤ አንድ ባለሱቅና አንዲት ባለጉሊት ይምረጡ፤ ቢቻል በአንድ ሰዓት ይሂዱ። የ10 ብር ልዩነት ቢኖርም ለጊዜው ይቻሉት። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው በቀን አንዴ ወርዶ አንዴ ከወጣ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው። ጉልበትዎ ከፈቀደ መውጫውን ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ ካልፈቀደ ደግሞ አንዴ ወርደው ታች ረዘም አድርገው ይቀመጡ።

ቡናው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ሕንፃውን በሙሉ ሲጠራ ነው። ሕንፃው አይመጣም፤ የመጣውም አይተዋወቅም። ከእርስዎ ጋር አንድ ደረጃ የሚጋሩትን አራት አምስት ቤቶች ብቻ ይጥሩ፤ በስልክ መልእክት ሳይሆን በር አንኳኩተው። ቀኑ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ 10 ሰዓት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት አጸፋ አይጠብቁ፤ «እኔ ጠራሁ፣ እነሱ አልጠሩኝም» የሚለው ሒሳብ ብዙ ጅምር አፍርሷል። ከሰሉን ግን በረንዳ ላይ ያቀጣጥሉት እንጂ በተዘጋ ክፍል ወይም ደረጃው ላይ አይሁን። የኮንዶሚኒየም ክፍል እንደ ድሮው ጭቃ ቤት አየር በየስንጥቁ አያስገባም፤ ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል።

ዕድሩ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የድሮውን ዕድር በችኮላ አይልቀቁ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሩቅ ለሄደ አባል ገንዘቡ እንደ ቀድሞው ይከፈላል ወይ? ድንኳንና ዕቃ እስከ ገላን ጉራ ይመጣል ወይ? ቀብር የቀረ ሰው የሚቀጣው ቅጣት ለተነሺዎች ተሻሽሏል ወይ? ሦስተኛው ካልተሻሻለ አባልነቱ ቀስ በቀስ ዕዳ ይሆናል።

አዲስ ዕድር ለመመሥረት ከ30 እስከ 40 ቤት ቢሆን ይመከራል። ለምን? ሒሳቡን እንሥራው። 40 ቤት በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ለቅሶ 10,000 ብር የሚከፈል ከሆነ በዓመት አራት ለቅሶ ይችላል፤ 8,000 ብር ለድንኳን ኪራይ ይተርፋል። 15 ቤት ብቻ ቢሆን ግን የዓመቱ መዋጮ 18,000 ነው፤ ሁለተኛው ለቅሶ ላይ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ የመጣበት ሰው ቂም ይይዛል። ደንቡ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን መጻፍ ያለበት «ለማን ይከፈላል?» የሚለው ነው። ለባልና ለሚስት፣ ለልጅና ለወላጅ ማለት ቀላል ነው፤ ጠቡ የሚነሳው ለእህት፣ ለወንድምና ለአማት ነው። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሳይፈርሙ አይውጣ። ለአዲስ ገቢ የሦስት ወር ያህል የመጠበቂያ ጊዜ ማድረግ የተለመደ ነው፤ የአዲሱ የመጠበቂያ ጊዜ እስኪያልቅ አሮጌውን ይያዙ። ድንኳኑ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የሚተከልበትን ቦታ ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር አስቀድሞ መነጋገርም አይዘንጋ፤ የለቅሶ ዕለት ከመኪና ባለቤት ጋር መጨቃጨቅ አሳፋሪ ነው።

የድሮ ሰፈርተኛ የቴሌግራም ግሩፕ ካለ ይግቡ፤ ግን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይወስኑ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳረ በቮይስ የሚነገርበት ከሆነ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ የፈረሰ ቤት ፎቶ የሚለጠፍበት ከሆነ ግን በቀን አንዴ ከፍተው ይዝጉት።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት ወይም ከአልጋ አለመነሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ይህ ሁሉ ምክር ይቆይና ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ 17 ዓመቴ ነው። ቲክቶክ ላይ አስቂኝ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ አስተማሪ፣ የታክሲ ረዳት፣ አከራይ ሆኜ እጫወታለሁ። አንዱ ቪዲዮ በጣም ታየ። ከዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት ተጠርቼ ተመከርኩ፤ አባቴም ሥራ ቦታው አሳይተውት ተናዶ መጣ። ቤት «ጨዋው ልጃችን»፣ ትምህርት ቤት «ቀልደኛው» ነኝ። እውነተኛው የትኛው ነው? ሌላ አካውንት ልክፈት?
(ቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። አባትህ ራሱ ሥራ ቦታ የሚያወራውን እቤት አያወራም፤ ማንም ግን አስመሳይ አይለውም፤ ምክንያቱም በሁለቱ መካከል በር አለ። አንተ ላይ የሆነው በሩ መነሳቱ ነው። የክፍል ጓደኛህ፣ የአባትህ ባልደረባና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ አንድ ክፍል ገብተው አንዱን ቀልድ አብረው አዩ። ይህ በቲክቶክ የተጀመረ ነገር አይደለም። ስቶክሊ ካርማይክል የተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ታጋይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥቁር አድማጭ የሚናገርበት ስልት አንድ፣ ለነጭ አድማጭ ሌላ ነበር። ራዲዮና ቴሌቪዥን ሁለቱን አድማጭ አንድ ላይ ሲያቀርቡበት አንዱን ስልት መምረጥ ግድ ሆነበት፤ የመረጠው የጥቁሮቹን ነበር፤ ነጮቹም ደነገጡ። እንግዲህ ያንተ ጥያቄ «ማን ልሁን?» ሳይሆን «ማን ከማን ጋር ይየኝ?» ነው።

ሁለተኛ አካውንት ይረዳል፤ በደንብ ካልተሠራ ግን በሳምንቱ ይጋለጣል። የሚያጋልጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው።

አንደኛው ስልክ ቁጥርህ ነው። በዚያው ቁጥር ከከፈትከው ቲክቶክ ቁጥርህ ስልካቸው ላይ ላለ ሰዎች ሁሉ «ይህን ሰው ታውቀው ይሆናል» እያለ ያቀርብሃል፤ አባትህ ደግሞ ቁጥርህ አለው። በሌላ ኢሜይል ክፈት። ከዚያ ፕሮፋይልህ ላይ ሦስቱን መስመር ተጭነህ ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ፣ ቀጥሎ ሰጀስት ዩር አካውንት ቱ አዘርስ ውስጥ ግባ። እዚያ ያሉትን በሙሉ አጥፋ፤ ኮንታክት፣ የፌስቡክ ጓደኛ፣ የጋራ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች እና ሊንክ የላኩልህ ወይም የከፈቱልህ ሰዎች። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አጥፍቶ የመጨረሻውን ይረሳል፤ ጓደኛው በላከው ሊንክ ሲከፍት ይታያል። ኮንታክት ሲንክ የሚለውንም አጥፋ፤ ቀድሞ የወሰደውንም ሰርዝ።

ሁለተኛው ከኋላህ ያለው ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም ሁሉ መመሳሰሉ እዚህ ላይ ጠቀመህ፤ የውስጥ ግድግዳው የማንም ሊሆን ይችላል። ግን በመስኮት የሚታየው የፊት ለፊቱ ሕንፃ ብሎክ ቁጥር፣ የዩኒፎርምህ አርማ፣ የታናሽ እህትህ ድምፅ ቤትህን ይናገራሉ። ቀረጻ ሳትጀምር 10 ሰከንድ ባዶውን ክፍል ቅረጽና ድምፁን ከፍ አድርገህ ተመልከተው።

ሦስተኛው ማውረድ ነው። ዳውንሎድ፣ ዱዌትና ስቲች (ሌላ ሰው ቪዲዮህን ከራሱ ጋር የሚያያይዝባቸው) የሚሉትን ለእያንዳንዱ ቪዲዮ መዝጋት ይቻላል። ስክሪን ሪከርድ ግን አይዘጋም፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ የወጣ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ በመሰረዝ አይመለስም። ወርዶ የሚሰራጨው ቪዲዮ ላይ ዩዘርኔምህ ይታተማል፤ ዩዘርኔም የሚቀየረው በ30 ቀን አንዴ ስለሆነ መጀመሪያ ስትመርጠው አስብበት።

የሰውን አነጋገር እየቀዱ ማሳቅ ላይ ግን ጠንከር ብለን እንናገር። ረዳቱን ስትጫወት የምታስቀው በረዳቱ ሥራ ነው ወይስ በአካባቢው አነጋገር? ሁለተኛው ከሆነ፣ የሦስት ደቂቃው ቪዲዮ 15 ሰከንዱ ተቆርጦ ሌላ ቦታ ሲወጣ ቀልዱ ይጠፋና ስድቡ ብቻ ይቀራል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ብሔርንና ሃይማኖትን የሚነካ ንግግር ላይ የወንጀል ኃላፊነት ያስቀምጣል። አከራይ ላይ ቀልድ፤ አከራይ የሌለበት ሰፈር የለም።

የመጀመሪያውን አካውንት አጥፋ አንልህም። ለአባትህ ግን ሰው ሳያሳየው አንተ አሳየው፤ ሁለት ቪዲዮ ምረጥና፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «ይህ ይቅር የምትለው ካለ ንገረኝ» በለው። አባትህን ያናደደው ቀልዱ ሳይሆን ከባልደረባው መስማቱ ሊሆን ይችላል። ለጓደኛ ብቻ የሚሆነውን ደግሞ ፖስት ስታደርግ ማን ይየው በሚለው ላይ ፍሬንድስን ምረጥ። ላይቭ ለ18 ዓመት ስለሆነ ዕድሜ ጨምረህ አትሞክር፤ አካውንቱ ሊዘጋብህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ነን። የ15 ዓመት ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኳን ይዛ ትገባለች፤ ጠርቼም አትሰማኝ። ምን እንደምትደብቅ አላውቅም። ስልኩን ልቀማት?
(አባት፣ ኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ከስልኩ በፊት ቤቱን እንመልከት። ልጅዎ የምትለብሰው ሰው ባለበት፣ የምታለቅሰው ሰው ባለበት፣ የምታጠናውም ቴሌቪዥን ፊት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ የሚዘጋ ነገር ያላት ስልኳ ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱ በር ሆኗታል። ሌላ በር ሳይሰጧት ስልኩን ቢወስዱ የጓደኛዋን ስልክ መዋስ ትጀምራለች፤ ያኔ ምንም አያዩም።

ማዕዘን መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው 1.50 ሜትር በ2.40 ሜትር ነው፤ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1.90 ርዝመት ላለው አልጋ፣ ለመተላለፊያ 60 ሳንቲ፣ በራስጌ በኩል 50 ሳንቲ ጥልቀት ላለው ጠረጴዛ። ይህ ቦታ ከሌለ አልጋውን በብረት ከፍ አድርጎ ጠረጴዛውን ከሥሩ ማስገባት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ይለኩ። ከፍራሹ ጫፍ እስከ ኮርኒሱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ካልቀረ ቁጭ ስትል ጭንቅላቷ ይመታል። የጠረጴዛው ከፍታ 75 ሳንቲ ይሁን።

ለመከለል ግድግዳ አይሥሩ፤ ቁም ሳጥኑን አዙረው፣ አንድ ጎኑ ብቻ ግድግዳ እየነካ፣ ወደ ቤቱ መሐል ያቁሙት። 2 ሜትር ከፍታና 60 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ድምፅም ያፍናል። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ በሩ ወደ ልጅቷ በኩል ከዞረ ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ካልሲ ፍለጋ ይገባባታል። በሩ ወደ ሳሎን ይዙር፤ የእሷ ልብስ ብቻ በእሷ በኩል ባለ መደርደሪያ ይሁን። በሳሎን በኩል ያለ ሰው ሲከፍተው እንዳይወድቅ ከላይ በኤል ብረት ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩ፤ የክፍሎቹ መለያ አግሮስቶን (ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ) ከሆነ ሚስማር አይይዝም፤ ተበስቶ በፊሸር (በፕላስቲክ ማስያዣ) ይታሰራል፤ ከባድ መደርደሪያም አይሰቀልበትም። ከአከራይ ጋር ከሆናችሁ መብሳቱን ትታችሁ ከባዱን ዕቃ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አድርጉ።

የቀረውን ክፍት መጋረጃ ይሸፍነው። ወፍራም ጨርቅ፣ ስፋቱ የብረቱን አንድ ተኩል እጥፍ፤ ከላይ 30 ሳንቲ ክፍት ይቅር፤ አለዚያ አየሩ ይታፈናል። መስኮቱ በእሷ በኩል ከዋለ የቀረው ቤት ይጨልማል፤ ስለዚህ መስኮቱን የሚከፍል እንጂ የሚውጥ አከላለል አይምረጡ። መብራቷ ከ5 እስከ 7 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ይበቃል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አይቀጥሉ፤ ካውያና ምድጃ ደግሞ ከዚያው መስመር አይሰኩ። 60 በ90 የሆነ ቺፕውድ ግድግዳዋ ላይ ይደረግላት፤ የፈለገችውን ትለጥፍበት፤ አይተው ባይወዱትም ዝም ይበሉ። ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያም ይኑራት።

ይህ ሁሉ በአንድ ነገር ይፈርሳል፤ መጋረጃው ሳይነገር ሲከፈት። «ልግባ?» ሳይሉ መክፈት ለወንድሞቿም ለእርስዎም ይከልከል። እንግዳ ሲያድር የእሷ አልጋ የመጀመሪያው ምርጫ አይሁን።

ስልኩን በተመለከተ ሕጉ ለሁሉም ይሁን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ በሙሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ ይደረግ። የእርስዎ ትራስ ሥር ካደረ ሕጉ አንድ ሳምንት አይቆይም። መልእክቷን አያንብቡ። የሚያሳስብ ምልክት ሌላ ነው፦ ያልተነገረ አዲስ ሲም ካርድ፣ የካርድ ወይም የገንዘብ ምንጩ ያልታወቀ መሆን፣ ስልክ አይታ መደንገጥ ወይም ማልቀስ፣ ፎቶ ላኪ የሚላት ሰው። ያን ጊዜ ቁጣ ከመጣ ሁለተኛ አትነግርዎትም፤ መጀመሪያ መልእክቱ በስክሪንሹት ይያዝ፣ ከዚያ ሰውየው ብሎክ ይደረግ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያው አንድ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ቤተሰቡ፣ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤትም ጭምር፣ የሚስቀው በአንድ ነገር ነው። ዛሬ አምስት ሰው በአምስት ስልክ አምስት ቦታ ይውላል። ያኔ ይሻል ነበር ብለን አይደለም፤ ያኔ ልጅቷ የምትመርጠው አልነበራትም። አንድ ፕሮግራም ግን አብራችሁ እዩ፤ የምትመርጠውም እሷ ትሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። ውኃ ሲፈልግ «ዋተር» ነው የሚለው፤ ቀለምና ቁጥር በአሜሪካኖች አነጋገር ይዘረዝራል። እኔ ሥራ ስሄድ ሠራተኛዋ ዩቲዩብ ትከፍትለታለች። ጎረቤት «ጎበዝ!» ይለዋል። ሰንዳፋ ያሉት አያቱ ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ባለፈው ሲያናግሩት ዝም ሲላቸው አለቀሱ። ምን ላድርግ?
(እናት፣ የካ አባዶ)

መልስ፦ እህታችን፣ መቁጠርና መነጋገር የተለያዩ ናቸው። መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ፦ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? «ምን ትፈልጋለህ?» ሲባል፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ይመልሳል? ሁለት ሦስት ቃል አገጣጥሞ ይጠይቃል? የካርቱን ዓረፍተ ነገር እየደገመ እነዚህን የማያደርግ ከሆነ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው። እነዚህን የሚያደርግ ከሆነ ጉዳዩ የቋንቋ ምርጫ ነው፤ ይስተካከላል።

ቪዲዮ ተናግሮ መልስ አይጠብቅም። ልጁ ቢመልስም ባይመልስም ይቀጥላል፤ ትንሽ ልጅ ከስክሪን የሚማረው ከሰው ከሚማረው የሚያንሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል።

ሠራተኛዋን «አትክፈቺ» ብቻ ብለው አይሂዱ፤ ምሳ የምትሠራበት ሰዓት ነው የምትከፍተው። ልጁ ወጥ ቤት በር ላይ ይቀመጥ፤ ምስር ይልቀም፣ ድንች ከሳህን ሳህን ያገላብጥ፤ እሷ የምትሠራውን እየጠራች ታውራው። መጀመሪያ የሚቀረው የምግብ ሰዓቱ ስክሪን ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋትና ከሰዓት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ያድርጉት፤ አውቶፕለይን ያጥፉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ከመጣ ማንም ሠራተኛ አታስቆመውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይጮኻል፤ ሠራተኛዋ አስቀድማ ትወቀው።

«ዋተር» ሲል ውኃውን አይከልክሉት፤ አይቆጡትም። «ውኃ ትፈልጋለህ? እንካ ውኃ» ብለው ይስጡት፤ በቀን አሥር ጊዜ ይሆናል። ሦስት ቋንቋ ልጅ አያምታታም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የሚናገረው ሰው እስካለው ድረስ። ኦሮምኛው የአያቱ ይሁን። ሰንዳፋ ሲሄዱ እርስዎ መሐል ገብተው አያስተርጉሙ፤ ከአያቱ ጋር ዶሮ ሲመግቡ፣ እንጀራ ሲጋገር ይተዉአቸው። በሳምንቱ ቀናት በቪዲዮ አምስት ደቂቃ ይደውሉ፤ አያቱ በእጃቸው አንድ ነገር ይያዙና ስሙን ይንገሩት፤ እሱም የራሱን ያሳያቸው። ባዶ «ሰላም በል» ለሦስት ዓመት ልጅ አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእርስዎ እንጠብቃለን። እንግዳ ሲመጣ «በእንግሊዝኛ ቁጠርላቸው» ማለቱ ይቅር። ልጁ የሚጨበጨብለትን ነው የሚሆነው፤ ለኦሮምኛው ገና ያጨበጨበለት ሰው የለም።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፤ ሎጎና ባነር ዲዛይን አደርጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ሁሉም የሚያውቀኝ በቅጽል ስሜ ነው። ደንበኛ ብር ሲያስገባ ሌላ ስም ሲያይ ይጠራጠራል። ቅጽል ስሙን ልተወው?
(ቦሌ አራብሳ)

መልስ፦ አትተወው፤ በሥራ ያገኘኸው ስም ነው። ሁለቱን ግን አገናኛቸው። ባዮህ ላይ «ክፍያ የሚፈጸመው በእገሌ እገሌ ስም ነው» ብለህ ፋይዳህና የባንክ ደብተርህ ላይ ባለው አጻጻፍ ጻፍ፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከጎደለ ደንበኛው መጠራጠሩ አይቀርም። ለሥራው ሌላ ሲም አውጥተህ እዚያው አፕ ላይ ሁለተኛ አካውንት ክፈት፤ ቴሌግራም በነፃ እስከ ሦስት ይፈቅዳል። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብተህ የስልክ ቁጥርህን ማንም እንዳያየው አድርግ፤ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንም (ከመግቢያው ኮድ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀውን) ከመመለሻ ኢሜይል ጋር አብራ፤ ኢሜይል ሳያስገባ ፓስወርድ የረሳ ሰው አካውንቱን የማጣት አደጋ ላይ ነው።

ዩዘርኔምህን ብትቀይር አሮጌውን ሌላ ሰው ሊወስደውና ደንበኞችህን በአንተ ስም ሊያናግር ይችላል፤ ስለዚህ የሚታየውን ስም እንጂ ዩዘርኔሙን አትንካ። ሲሙን የምትተው ከሆነ መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን ለውጥ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የመግቢያው ኮድ የሚላከው ያን ጊዜ ወደ አዲሱ ባለቤት ነው።